ከፕላኑ የቀረችው ክፍል

ከጀማለዲን ጋር ሾላ ገበያ ጀርባ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል። ሙያው ቀያሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ግቢ ሲለካ ኖሯል። ወንድማማቾች በአጥር ሲጣሉ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ግንብ ሲገፋ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚሉት "ጀማልን ጥሩት" ነው። ይመጣል፣ ሜትሩን ይዘረጋል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ይሄዳል። ሜትሩ የመሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሥራውን ያስተማረው ሰው ጡረታ ሲወጣ የሰጠው፣ ባለ ቆዳ ማኅደር የብረት ሜትር ነው። ያም ባይኖር እግሩ ያውቃል። አንድ እርምጃው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ አይዛነፍም። ሚስቱ ሁዳ "ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ሳሎን ይለካል" እያለች ትስቅበት ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜው አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ የለካውን ሳይጽፍ ቀረ። የምነግራችሁ ስለዚያ ነው። የሰማሁትም ከሌላ አይደለም፣ ከራሱ አፍ ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ አራት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ቀበና ወንዝ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት አንድ ቁልቁለት አለ፤ ነዋሪው ዳገት ሰፈር ይለዋል። ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሊነጋጋ ሲል ከሰፈሩ በላይ ያለው መሬት ከነባሕር ዛፉ ተንዶ ወረደ። አሥራ አንድ ቤት በላ። አራት ሰው ሞተ፤ አራቱም ተገኝተው ተቀበሩ። ቁፋሮው አምስት ቀን ቆየ። አዳኞቹ በየቤተሰቡ እየዞሩ "የጎደለባችሁ ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ። ሁሉም የራሱን ሰው ቆጠረና የለም አለ። ቁፋሮው ቆመ።

የተረፉት መጀመሪያ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለሉ። መስከረም ሲጠባ ተማሪ መጣና ወደ ሜዳው ድንኳን ወጡ። ያን ጊዜ ነው የፈጣን ፈቃድ ቡድን የተቋቋመው። በሌላ ጊዜ ቤት ለመሥራት ፈቃድ የሚለምን ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ዓመት ይሞላዋል። ለዳገት ሰፈር ግን በአሥር ቀን እንዲያልቅ ተወሰነ። ሜዳው ዳር አንድ ኮንቴይነር ተቀመጠ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ገባበት፤ ለቡድኑም ፀደንያ የምትባል ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት መሐንዲስ ተሾመች። ጀማለዲን ቀያሽ ሆኖ ተመደበላት።

"ጋሽ ጀማል፣" አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ "ጥቅምት ሳይገባ ፋውንዴሽን ማየት እፈልጋለሁ። እዚያ ድንኳን ውስጥ የሃያ ቀን ጨቅላ አለች፤ አይተዋታል?"

"አይቻታለሁ።"

"የእንጦጦ ብርድ ሲጀምር እዚያ መሆን የለባትም።"

ፀደንያ ቅን ልጅ ነበረች። ጀማለዲን እስከ ዛሬ እሷን በክፉ አያነሳትም። አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን ነበር። አሥራ አንዱም ቤት ከናዳው ስር በአንድ የድጋፍ ግንብ ላይ ስለሚያርፍ ፈቃዱ የተጠየቀው በአንድ ፋይል ነው። ፋይሉ በፍጥነት የሚያልፈው ደግሞ ግቢዎቹ ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ ነው። ክርክር ያለበት፣ ወይም ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት የነበረበት አንድ ግቢ ከተገኘ ጉዳዩ ወደ ደንብ ማስከበር ይዞራል፣ አሥራ አንዱም አብረው ይቆማሉ።

መስከረም ሃያ ቀን የወይዘሮ በለጡ ተራ ደረሰ። በለጡ ባሏ የሞተባት፣ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት። ናዳው ሲወርድ በፊት ለፊት በር ወጥታ ነው የተረፈችው፤ ከቤቷ የቀረው የደጁ ደረጃና አንድ ጎን ግድግዳ ነው። ጀማለዲን ያን ቀን ብቻውን ነበር። የሜትሩን ጫፍ ከጓሮ በኩል ድንጋይ ስር ሸጎጠና ወደ ፊት እየዘረጋ መጣ። ቁጥሩን አንብቦ ሊሰበስበው ሲል ሜትሩ አልመጣም። ሳብ አደረገው። ከማዶ ተመልሶ ተሳበ።

"ሰው የያዘው ነው የመሰለኝ" አለኝ። "ሠላሳ ዓመት ከማዶ ሰው ሲይዝልኝ ኖሬያለሁ፤ የሰው እጅ ሲይዝ አውቀዋለሁ።"

ሄዶ አየ። የሜትሩ ጫፍ ከጭቃው ብቅ ያለ የብረት አልጋ እግር ላይ ተጠልፏል። ጭቃውን በጫማው ገፋ ገፋ ሲያደርግ አንድ ረድፍ ብሎኬት አገኘ፤ እሱን ተከትሎ ማዕዘን፣ ቀጥሎ ሌላ ማዕዘን። ክፍል ነው። ልማድ ነውና ለካው። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ከሰማንያ። ወለሉ ጥግ ላይ አንድ የሴት የፕላስቲክ ጫማ ተገልብጦ ተኝቷል።

በለጡ ከድንኳኑ አይታው ኖሮ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች።

"እማማ፣ ይህች ምንድን ናት?" አላት።

"የቷ?"

"ይህች ክፍል። አልጋም አላት።"

"እሷማ ባለቤቴ ሲያርፍ ያሠራኋት ናት። ምን ልብላ ብዬ ነው፣ ልጄ። አንዲት ሰርቪስ ናት።"

"ፈቃድ ነበራት?"

በለጡ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

"ሰውስ ነበረባት?"

"አንዲት ልጅ ተከራይታ ነበር። ሄዳለች።"

"መቼ ሄደች?"

"ለፍልሰታ አገሬ እሄዳለሁ ብላኝ ነበር። ሄዳለች እንግዲህ።"

"ጫማዋ እዚህ ነው ያለው፣ እማማ።"

"ሌላ ጫማ የላትም?" አለች በለጡ። ቀጥላ ክንዱን ያዘችውና ወደ ድንኳኖቹ አዞረችው። የተሰጣ ልብስ፣ እንጨት የሚፈልጥ ሰው፣ ጨቅላዋን ፀሐይ የምታሞቅ ሴት ይታያሉ። "ይህችን ከጻፍካት እነዚያ ሁሉ በእኔ ምክንያት ይቀራሉ። ጎረቤቶቼ ናቸው። ምን ብዬ ዓይናቸውን አየዋለሁ? አንተስ?"

ጀማለዲን ወደ ኮንቴይነሩ ተመልሶ ፕላኑን አነሣ። የበለጡ ጓሮ ጋ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ። "ልጅቷ ሄዳለች ብለውኛል" አለ ለራሱ። "ሰው ከሌለባት የፈረሰች ክፍል ለማን ትጠቅማለች?" ክፍሏ በነበረችበት ቦታ "ባዶ ቦታ" ብሎ ጻፈ። ሁለት ቃል ናት።

ፈቃዱ በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። አቶ ዓምደ ሚካኤል የሚባሉ የፖስታ ቤት ጡረተኛ የተፈናቃዮቹ ተወካይ ነበሩ፤ ጀማለዲንን አቅፈው "ጀማል፣ መንግሥት ቢሮ ገብቼ በአሥር ቀን ጉዳይ ሲያልቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አሁን ብሞት አይቆጨኝም" አሉት። ባለቤታቸው ሒሩት ከኋላ ሆነው "ቤቱን ሠርተህ ሙት" ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ።

ጀማለዲን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። አመጣጡ እንግዳ ነው። ሾላ እህል ተራ ጤፍ ሊገዛ ሱቅ ውስጥ ሲገባ እግሩ ሳያዘው ቆጠረ፤ ወዲህ አራት እርምጃ፣ ወዲያ አራት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሦስት በሁለት ከሰማንያ። በአጋጣሚ ነው ብሎ ተወው። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገባ፤ ያው ነው። ቆሞ ማመልከቻ የሚያስጽፍባት ሱቅም ያችው ልክ ሆነች። ታክሲ ሲጠብቅ ሰው የተሰለፈበትን ቦታ በዓይኑ ሲለካ እንኳ ያው ቁጥር ይመጣበታል። "ከተማው ሁሉ ያቺን ክፍል ሆነብኝ" ነው ያለኝ።

አንድ እሑድ ከዝሁር ሶላት በኋላ ሁዳ ከኩሽና ስትወጣ ባሏ ቁም ሣጥኑን ብቻውን እየገፋ ከመኝታ ቤት ሲያወጣ አገኘችው።

"ምን ሆነሃል? ወገብህን!"

"እዚህ ሲሆን ክፍሉ ይጠባል።"

"ሃያ ዓመት እዚያው ነበር እኮ።"

"ለክቼዋለሁ አልኩሽ፣ ይጠባል።"

ቁም ሣጥኑ ኮሪደር ላይ ቀረ። እኔም ያኔ አይቼው ቤት ሊቀቡ ነው ብዬ ነበር። ሥራ ላይ ደግሞ የራሱን ሜትር መጠቀም ተወ። ሲዘረጋው ከማዶ እስኪሳብ መጠበቅ ጀምሮት ነበር።

ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን አንድ ሰው ኮንቴይነሩን አንኳኳ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ ኮቱ አቧራ ለብሷል፣ በእጁ ፌስታል ይዟል። ነአምን እባላለሁ፣ መርሐቤቴ መምህር ነኝ፣ እህቴን እየፈለግሁ ነው አለ። እህቱ ፍቅርአዲስ እንጦጦ ፓርክ በቀን ሠራተኝነት ችግኝ ትንከባከብ ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ ስልኳ ዝግ ነው። እነሱ ጋ ኔትወርክ ስለማይረባ መጀመሪያ አልደነገጡም፤ ለመስቀልም ሳትመጣ ስትቀር ነው እናታቸው "ሂድ" ያሉት። ፓርኩ ጋ ሲጠይቅ "በራሷ የቀረች መስሎን ሌላ ሰው ቀጠርን" አሉት። ፖሊስ ደግሞ የት ትኖር እንደነበር አረጋግጠህ ና አለው።

"ለፍልሰታ አልመጣችም?" አለችው ፀደንያ።

"አልመጣችም። እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ኋላ ፈቃድ ከለከሉኝ ብላ ደወለች።"

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። አረንጓዴ የደንብ ልብስ የለበሰች ቀጭን ልጅ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ መጋረጃ፣ የብረት አልጋ ጫፍ። "ቤቷ ይህ ነው። አከራይዋ እማማ በለጡ ይባላሉ ትለን ነበር።"

ፀደንያ ኮምፒውተሩ ላይ ፕላኑን ከፈተች፣ የበለጡን ግቢ አጎላችው። "የወይዘሮ በለጡ ግቢ ይኸው። ግን ጓሮው ላይ ክፍል የለም፤ ባዶ ቦታ ነው የሚለው። ሌላ በለጡ እንዳይሆኑ?"

ጀማለዲን አጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጧል። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እርሳሱን አነሣና ሌላ ወረቀት ላይ አቀረቀረ።

"እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል" አለ ነአምን። "ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ።"

ይቅርታ ጠይቋቸው ወጣ። ጀማለዲን በዕድሜው ከሰማው ቃል ሁሉ ያን "ይቅርታ" ያህል ያቆሰለው የለም።

ነአምን ግን አልሄደም። በማግስቱም በሠልስቱም ናዳው ዳር አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጦ ታየ። በስተቀኙ ወደ ፓርኩ የሚወጡ መኪኖች ያልፋሉ፣ በስተግራው ኤክስካቫተሩ ለድጋፍ ግንቡ መሠረት ይቆፍራል። ማሽኑ ከታች ተነሥቶ ወደ በለጡ ጓሮ እየተጠጋ ነበር። ሐሙስ ኮንክሪት ሊሞላ ቀን ተቆርጧል።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ጀማለዲን ለሁዳ ሁሉንም ነገራት። እሷ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ባዶ ብለህ ጻፍክ?"

"አዎ።"

"ጫማዋን እያየህ?"

"እያየሁ።"

ሁዳ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ተነሥታ ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት ፀደንያ ኮንቴይነሩን ስትከፍት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። የመስክ ደብተሩን ከፍቶ ሰጣት። ያቺ ቁጥር እዚያ ላይ አለች፣ ሦስት በሁለት ከሰማንያ፤ ወደ ፕላኑ አላሻገራትም እንጂ ከደብተሩ አልሰረዛትም ነበር።

ፀደንያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ይህ የትኛው ግቢ ነው?"

"የወይዘሮ በለጡ ጓሮ። ክፍል ነበረ። የዚያ ልጅ እህት እዚያ ነበረች።"

"ጋሽ ጀማል… ሐሙስ ኮንክሪት ይሞላል እኮ።"

"ስለዚህ ነው ዛሬ የነገርኩሽ።"

"አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው! እኔ ፈርሜበታለሁ! ለምን ያን ቀን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁ። ላንቺም፣ ለእነሱም፣ ለራሴም።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጥቂት ቆይታ ግን ስልኳን አነሣችና ኤክስካቫተሩን አስቆመች። መደበቅ ትችል ነበር። ከቡድኑ እሷና እሱ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው መጣ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ የአሥራ አንዱም ፈቃድ ታግዷል። ጀማለዲን ራሱ ወደ ድንኳኑ ሄዶ ነገራቸው። አንዷ "ቤቴን ነጠቅከኝ" ብላ አፈር በተነችበት። አንድ ሌላ ሰው ሊመታው ተነሥቶ ተያዘ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪረግብ ጠበቁ።

"ጀማል" አሉ፣ "እውነቱን መናገርህ ደግ አደረግህ። ልጅቷም የሰው ልጅ ናት፣ ትውጣ። ግን በመስከረም ብትነግረን ኖሮ ፀሐይ ነበረች፤ ማጣራቱ ብርዱ ሳይመጣ ያልቅልን ነበር።"

በለጡ ከድንኳኗ አልወጣችም።

ቁፋሮው ሦስት ቀን ፈጀ። ማሽኑን አርቀው በአካፋ ነበር የሚቆፍሩት። በክፍሏ ውስጥ አልጋውን፣ ሰማያዊውን መጋረጃ፣ ሳፋና አንድ ሻንጣ አገኙ። እሷን ግን አላገኙም። ነአምን ፊቱ ላይ ተስፋ ይሁን ሌላ ነገር ብልጭ አለ። "አልነበረችም ማለት ነው?" ብሎ ጀማለዲንን ጠየቀው። እሱም ያን ጊዜ ምነው በሆነ ብሎ ከልቡ ተመኘ።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ አንዱ ቆፋሪ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ከክፍሏ ስድስት ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ የበለጡ ቤት የጓሮ በር ከነበረበት ደረጃ ስር ነች። የደንብ ልብሷን ለብሳለች። ሥራዋ ማለዳ ስለሚገባ ተነሥታ ነበር ማለት ነው። ነአምን እጅጌውን ዓይቶ አወቃት። ቆፋሪዎቹ ቆባቸውን አወለቁ።

"እዚህ ምን ፈልጋ መጣች?" አለ አንዱ። "መውጫው በወዲያ ነው።"

ያኔ በለጡ መጣች። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

"እኔን ፈልጋ ነው" አለች።

የጠየቀው ቆፋሪ አካፋውን አስቀመጠ።

"አንኳኳችብኝ። የጓሮውን በር በሁለት እጇ ነበር የምትደበድበው። 'እማማ ውጡ፣ መሬቱ እየሄደ ነው፣ ውጡ' አለችኝ። እኔ በፊት ለፊቱ ወጣሁ። ወጥቼ ሮጥኩ። በሩን አልከፈትኩላትም፣ ዞሬም አላየሁ። ኋላ ያ ሁሉ አፈር ሲወርድ… እሷም እንደኔ ሮጣለች፣ አገሯ ገብታለች እያልኩ ራሴን አሳመንኩት። አዳኞቹ ሲጠይቁኝም የለም አልኩ። አንዴ የለም ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።"

ነአምን ጎንበስ ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ይሰድባታል ብለው ሰዎች ተጠጉ።

"ድምጿን ሰምተውታል?" አላት።

"ሰምቼዋለሁ።"

"ያለችውን እንደገና ይንገሩኝ። እንደ አባባሏ።"

በለጡ ነገረችው። እንደገና ጠየቃት። ሦስተኛ ጊዜም ነገረችው። ከዚያ ተነሥቶ ሬሳውን ለመሸፈን ሄደ። በማግስቱ በአንድ አይሱዙ ጭኖ ወደ መርሐቤቴ ወሰዳት። ሣጥኑን ካነሡት መካከል አንዱ ጀማለዲን ነበር። "አላህ ይዘንላት" አለው ለነአምን። ነአምን ቀና ብሎ አየውና "ፕላኑን የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉ" አለ። "አዎ" ሲለው ራሱን ነቅንቆ መኪናው ላይ ወጣ። ይቅር ማለቱ ይሁን መታዘቡ፣ ጀማለዲን እስከ ዛሬ አላወቀም።

ማጣራቱ ሃምሳ ሦስት ቀን ወሰደ። በለጡ ላይ ምርመራ ተከፈተ፣ ኋላ በዕድሜዋ ምክንያት ታለፈ። ጀማለዲን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከቡድኑ ተነሣ። ፀደንያ ከደረጃዋ ዝቅ ብትልም ፋይሉን አልለቅም አለች፤ እሑድ ሳትል ቅዳሜ ሳትል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትሮጥ ከረመች። ኅዳር ገብቶ የእንጦጦ ንፋስ ቁልቁል ይነፍስ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ጨቅላዋን እናቷ ዘመድ ጋ ይዛት ሄደች። አቶ ዓምደ ሚካኤል ግን "ተወካይ ነኝ፣ ሰዉን ጥዬ አልሄድም" ብለው እዚያው ቆዩ። መጀመሪያ ሳል ነበር፣ ሳሉ ወደ ደረት ወረደ። ሆስፒታል ገብተው ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ። ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን አረፉ። ፈቃዱ የወጣው ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ነው። በመካከሉ ስድስት ቀን አለ።

ፀደንያ አሥሩን ፈቃድ በእጇ አደለች። አሥራ አንደኛውን ይዛ ሾላ ድረስ መጥታ ጀማለዲንን ቤቱ አገኘችው። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሽ ጀማል፣ ይህን መስጠት አቃተኝ።"

ተቀበላትና ይዞ ወጣ። ሒሩት ጥቁር ለብሰው ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው የባላቸውን ስም በጣታቸው ተከተሉት።

"በስማቸው ስለሆነ እንዲህ እንዳለ አይሠራበትም" አላቸው። "የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል፣ ከዚያ በእርስዎ ስም ይዞራል። እኔ እሮጥበታለሁ።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"አላውቅም፣ እትዬ ሒሩት።"

"እንግዲህ አትቸኩል" አሉት። "ደግሞም አትዘግይ።"

በአነጋገራቸው ንዴት አልነበረበትም አለኝ። እውነታቸውን ነበር፤ እሱ ግን የሚይዘው ጠፋው።

የዓመት ዕረፍቱን ለዚያ ፋይል አዋለው። ጠዋት ፍርድ ቤት ደጅ፣ ከሰዓት መዝገብ ቤት። ሰው ቢቀድመው አይቆጣም፣ ነገ ና ቢሉት ነገ ይሄዳል። በየካቲት አጋማሽ ወረቀቱ በሒሩት ስም ወጣ። ሌሎቹ አሥር ቤቶች ያኔ ግድግዳቸው ቆሞ ነበር።

የበለጡም ቤት ተሠራ። ሠራተኞቹን የጓሮ በር አታውጡልኝ አለቻቸው፤ ያም በኩል ድፍን ግድግዳ ሆነ። የእህቷ ልጅ አብራት ትኖራለች። ዝናብ ሲጥል አሮጊቷ ግድግዳው ይንኳኳል ትላለች፣ ተነሥታ በፊት ለፊቱ ትወጣና የእህቷ ልጅ ዣንጥላ ይዛ እስክትመልሳት ድረስ ጓሮውን ዞራ እዚያ ትቆማለች። ሰፈሩ ለምዶታል። ማንም አያሾፍባትም።

ጀማለዲን ጡረታ ወጣ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አብረን ተቀምጠን ስንሄድ "ልጅቷ የሞተችው እኔ ሥራውን ሳልጀምር ነው፤ እኔ ያደረግኩት ደብቄ መተው ነው" አለኝ። "አቶ ዓምደ ሚካኤል ግን በእኔ ዘመን ሞቱ። ቸኩዬ አንዷን ቀበርኩ፣ እሷን ለማውጣት ስል ሌላውን።"

"አንተ ምን አደረግህ፣ ተራራው ነው" አልኩት።

"ተራራው ፕላን አያነሣም" አለኝ።

ባለፈው ግንቦት ሒሩት አዲሱ ቤታቸው ገቡ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠሩ፤ ጀማለዲንንም ሰው ልከው አስጠሩት። መሄድ አልፈለገም፣ ሁዳ ናት ሸሚዙን ተኩሳ ያስወጣችው። እኔም አብሬው ሄድኩ። ቤቱ ገና ኖራ ኖራ ይሸታል፣ ዕቃው ከድንኳኑ የመጣው ነው። ሰዉ ምንጣፍና አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጀማለዲን በሩ ጋ ቆመ፣ ለመለካት እግሩን ወዲያና ወዲህ አላለም፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሒሩት መጥተው እጁን ያዙና ከመስኮቱ ስር ወዳለ ባለ መደገፊያ ወንበር መሩት። መቀመጫው መካከሉ ጎድጎድ ብሏል፣ ክንዱ ላይ የተጣጠፈ ጋቢ አለ።

"እዚህ አረፍ በል።"

"ግድ የለም እትዬ፣ እቆማለሁ።"

"የእሱ ነው ብለህ ነው? ሌላ ወንበር የለኝም" አሉት፤ ጋቢውን አንሥተው ክንዳቸው ላይ አደረጉና ቆመው ጠበቁት።

ጀማለዲን ቀስ ብሎ ተቀመጠ።